ሁለት ሉማዚን፣ አንድ ሪቦፍላቪን፦ የቫይታሚን ቢ2ን አሠራር በባቄላና በሽምብራ ቆጥሮ መከታተል

የሪቦፍላቪንን አሠራር ሸምድዶ ፈተና የገባ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው መጨረሻው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የለመድነው ነው፤ አንድ ሞለኪውል ይገባል፣ ኢንዛይም ይሠራበታል፣ ሌላ ሞለኪውል ይወጣል። መጨረሻው ላይ ግን ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሞለኪውሎች ይገናኙና አንዱ ከሌላው አራት ካርቦን ወስዶ ቫይታሚን ይሆናል። የሰጠው ደግሞ አንድ እርከን ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይሰለፋል። የሁለቱም ስም 6፣7-ዳይሜቲል-8-ሪቢቲልሉማዚን ነው። ከዚህ በኋላ ሉማዚን እያልኩ እጠራዋለሁ።

ተማሪ ሳለሁ ሥዕሉን ከመጽሐፍ ገልብጬ ይዤው ነበር፤ ቀስቱ ለምን ወደ ኋላ እንደሚዞር ግን አልገባኝም። የገባኝ አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ጥራጥሬ ዘርግቼ ካርቦኖቹን አንድ በአንድ ስቆጥር ነው። እዚህ የማሳያችሁ ያንኑ መንገድ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ የተማረና ሁለት ሰዓት የሚታገሥ ሰው ሁሉ ይዘልቀዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ትልቅ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ 20 ባቄላ፣ 10 ሽምብራና 10 ምስር። ባቄላው ከጂቲፒ፣ ማለትም ጓኒን፣ ሪቦዝ የሚባል ስኳርና ሦስት ፎስፌት ከተያያዙበት የሴል ሞለኪውል የመጣ ካርቦን ነው። ሽምብራው ከስኳር፣ ማለትም ከሪቡሎዝ-5-ፎስፌት የመጣ ካርቦን ነው። ምስሩ ናይትሮጅን ነው። ሁለቱን ዓይነት ካርቦን ለይቶ መያዝ የዚህ ሥራ ነፍስ ስለሆነ ባቄላ ሲያልቅባችሁ በሽምብራ አትተኩ።

ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅንና ፎስፎረስ በወረቀት ላይ ይቆጠራሉ። ለዚህ አጭር አጻጻፍ እንጠቀም፦ ካ ካርቦን፣ ሃ ሃይድሮጅን፣ ናይ ናይትሮጅን፣ ኦ ኦክስጅን፣ ፎ ፎስፎረስ። ካ9 ማለት ዘጠኝ ካርቦን ነው። በየእርከኑ የገባውና የወጣው እኩል መሆኑን ሳታረጋግጡ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ጠረጴዛውን ከላይ ወደ ታች በሁለት ክፈሉት። ግራው የጂቲፒ መንገድ፣ ቀኙ የስኳሩ መንገድ ነው። ሁለቱ ታች ይገናኛሉ።

ደረጃ 1፦ ከጂቲፒ አንድ ካርቦን ማንሳት

በግራ በኩል 10 ባቄላ በሁለት ክምር አስቀምጡ። አምስቱ የጓኒን ቀለበቶች ካርቦን፣ አምስቱ የሪቦዝ ካርቦን ናቸው። አምስቱን ምስር ከጓኒኑ ጋር አድርጉ፤ የጂቲፒ ናይትሮጅን በሙሉ ያለው እዚያ ነውና። ወረቀቱ ላይ ካ10 ሃ16 ናይ5 ኦ14 ፎ3 ብላችሁ ጻፉ።

የመጀመሪያው ኢንዛይም ጂቲፒ ሳይክሎሃይድሮሌዝ 2 ይባላል። ዚንክ ይዞ የሚሠራ ነው። ሦስት ውሃ ያስገባና ሁለት ነገር ያወጣል፤ አንደኛው ፓይሮፎስፌት፣ ማለትም ሁለት የተያያዙ ፎስፌቶች ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የጓኒን 8ኛ ካርቦን ሲሆን የሚወጣው ፎርሚክ አሲድ ሆኖ ነው። ከጓኒኑ ክምር አንድ ባቄላ አንሱና ከጠረጴዛው ጠርዝ አስቀምጡት። ባለአምስት ጎኑ ቀለበት ተከፈተ ማለት ነው፤ የቀረው ባለስድስት ጎኑ ብቻ ነው። የቀረው ውሁድ ካ9 ሃ16 ናይ5 ኦ8 ፎ1 ሊሆን ይገባል።

በስሙ መጨረሻ ያለችው 2 ቁጥር ቀላል አይደለችም። ጂቲፒ ሳይክሎሃይድሮሌዝ 1 የሚባለውም ያንኑ ካርቦን በፎርሚክ አሲድ መልክ ያወጣል፤ ሦስቱን ፎስፌት ግን አይነካም፣ የሚወስደውም ፎሌት ወደሚባለው ሌላ ቫይታሚን መንገድ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ተማሪ ቀሪውን ሁሉ ይስታል።

ደረጃ 2፦ ሦስት ትናንሽ ሥራዎች

ይህን ክፍል በፍጥነት እንለፈው። ቀለበቱ ላይ ካለው 2ኛ ቦታ አንድ አሚን በውሃ ይነሳል፤ አንድ ምስር ወደ ጠርዝ ሂዳ አራት ትቀራለች። ቀለበት የነበረው ሪቦዝ ኤንኤዲፒኤች በሚባል ሃይድሮጅን አቀባይ ሁለት ሃይድሮጅን ተቀብሎ ይዘረጋል፣ ስሙም ሪቢቲል ይሆናል። በመጨረሻ ፎስፌቱ በውሃ ይቆረጣል።

የቅደም ተከተሉ ነገር ግን ይታወቅ። በባክቴሪያና በዕፅዋት አሚኑ ቀድሞ ይነሳል፣ ስኳሩ ቀጥሎ ይዘረጋል። በእርሾና በሌሎች ፈንገሶች ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም እዚያው ስለሚደርሱ አንዱን መጽሐፍ አንብባችሁ ሌላኛውን ተሳስቷል አትበሉ፤ የትኛውን ፍጡር እንደሚገልጽ ተመልከቱ። ፎስፌቱን የሚቆርጠው ኢንዛይም ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆይቷል፤ በቆዩ ሥዕሎች ላይ እዚያ ቀስት ላይ ስም የማታገኙት ለዚህ ነው።

የተገኘው ውሁድ 5-አሚኖ-6-ሪቢቲልአሚኖ-ዩራሲል ነው፤ አሚኖዩራሲል እንበለው። ካ9 ሃ16 ናይ4 ኦ6፣ የሞለኪውል ክብደቱ 276። ጠረጴዛው ላይ 9 ባቄላና 4 ምስር መኖራቸውን ቁጠሩ። ከባቄላዎቹ አራቱ በቀለበቱ፣ አምስቱ በሪቢቲል ጭራ ላይ ናቸው። ጭራው እስከ መጨረሻው አይነካም፤ ሪቦፍላቪን ውስጥ የምታገኙት ሪቢቲል ይኸው ራሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ከሪቡሎዝ መሐል አንድ ካርቦን ማውጣት

አሁን ወደ ቀኝ እንሂድ። 5 ሽምብራ በአንድ ረድፍ ደርድሩና ከ1 እስከ 5 ቁጥር ስጧቸው። ይህ ሪቡሎዝ-5-ፎስፌት ነው፦ ካ5 ሃ11 ኦ8 ፎ1። ፎስፌቱ 5ኛው ላይ ተንጠልጥሏል።

ከዚህ አራት ካርቦን ያለው ውሁድ እንፈልጋለን። የትኛው ሽምብራ የሚወጣ ይመስላችኋል? ማንም ሰው ዳር ላይ ያለውን ያነሳል፤ እኔም እንደዚያ ነበር ያደረግኩት። የሚወጣው ግን 4ኛው ነው! ኢንዛይሙ ሰንሰለቱን ውስጥ ለውስጥ አቀያይሮ 4ኛውን ካርቦን በፎርሚክ አሲድ መልክ ይጥልና 3ኛውን ከ5ኛው ጋር ያገናኛል። ማግኒዥየም ካልሆነ በቀር ሌላ አጋዥ አይፈልግም። 4ኛውን ሽምብራ አንሱ፣ 5ኛውን ወደ 3ኛው አስጠጉ። የቀረው 3፣4-ዳይሃይድሮክሲ-2-ቡታኖን-4-ፎስፌት ነው፤ ቡታኖን እንበለው። ካ4 ሃ9 ኦ6 ፎ1።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ካ4 ሃ9 ኦ6 ፎ1 ላይ ፎርሚክ አሲድን፣ ማለትም ካ1 ሃ2 ኦ2ን ብትደምሩ የጀመርንበት ሪቡሎዝ-5-ፎስፌት ይመጣል። ውሃ አልገባም፣ ውሃ አልወጣም። ይህ ባለአራት ካርቦን ውሁድ ምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። አዴልበርት ባኸርና ባልደረባው ፎልክ ሙኒክ ውስጥ ማንነቱን ያሳወቁት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ካርቦኖቹን ምልክት አድርጎ የት እንደሚደርሱ በመከታተል። እኛ በሽምብራ የምንሠራውን እነሱ በካርቦን-13፣ ማለትም ከተለመደው ትንሽ በሚከብድ ካርቦን ሠሩት ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሉማዚንን መገንባት

ግራና ቀኙን አሁን አገናኙ። አሚኖዩራሲል ሁለት እጅ አለው፤ አንዱ በ5ኛ ቦታ ያለው ነጻ አሚን፣ ሌላው በ6ኛ ቦታ ያለው ሪቢቲል ያንጠለጠለ ናይትሮጅን። ሁለቱም ምስሮች ከጓኒን የመጡ ናቸው፤ ያ የተከፈተው ባለአምስት ጎን ቀለበት ትቷቸው የሄደ ናቸው። በእነዚህ ሁለት እጆች መካከል አራቱን ሽምብራ እናስገባለን።

ነጻው አሚን የቡታኖኑን ኬቶን፣ ማለትም 2ኛውን ካርቦን ይይዛል፤ አንድ ውሃ ይወጣል። ቀጥሎ ፎስፌቱ ይሄዳል። ፎስፌቱ የሄደበት ካርቦን ሜቲል ይሆናል፣ ጎረቤቱ 3ኛው ካርቦን ደግሞ አዲስ ኬቶን ይሆናል። ይህን አዲስ ኬቶን ሁለተኛው እጅ ይይዘውና ቀለበቱ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ውሃ ይወጣል።

ሲደመር እንዲህ ነው፦ ካ9 ሃ16 ናይ4 ኦ6 እና ካ4 ሃ9 ኦ6 ፎ1 ገብተው ካ13 ሃ18 ናይ4 ኦ6፣ ሁለት ውሃና አንድ ፎስፎሪክ አሲድ ይወጣሉ። ሃይድሮጅኑን ቁጠሩ፣ በሁለቱም በኩል 25። ኦክስጅኑን ቁጠሩ፣ በሁለቱም በኩል 12።

ካ13 ሃ18 ናይ4 ኦ6፣ ክብደት 326፤ ሉማዚን ይኸው። ከአራቱ ሽምብራ ሁለቱ በአዲሱ ቀለበት ውስጥ 6ኛና 7ኛ ቦታ ላይ ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ከቀለበቱ ውጭ ሜቲል ሆነው ተንጠልጥለዋል። የ6ኛው ቦታ ሜቲል የሪቡሎዝ 1ኛ ካርቦን ነበር፤ የ7ኛው ቦታ ሜቲል ደግሞ ያ ወደ 3ኛው ያስጠጋነው 5ኛው ሽምብራ ነው። ይህን ወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ይህን የሚሠራው ኢንዛይም፣ ሉማዚን ሲንቴዝ፣ በራሱ ቆም ተብሎ የሚታይ ነው። ባሲለስ ሰብቲሊስ በሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ውስጥ 60 ቅጂዎቹ ተገጣጥመው እንደ ቫይረስ ቅርፊት ባለ ሃያ ገጽ ክፍት ኳስ ይሠራሉ። በኳሱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቁራጭ ያለው የቀጣዩ እርከን ኢንዛይም፣ ሪቦፍላቪን ሲንቴዝ፣ ተቀምጦ ይገኛል። ሉማዚኑ ከቅርፊቱ እንደወጣ የሚቀበለው እዚያው አለ ማለት ነው። ሁሉም ፍጡር ግን እንዲህ አይሠራም፤ የእርሾው አምስት ቁራጭ ብቻ ነው፣ ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ አሥር።

አኩፊፌክስ ኤኦሊከስ ከተባለ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የተወሰደው ባለ 60 ኳስ በጣም ጠንካራ በመሆኑ የክትባት ተመራማሪዎች ወስደውታል። በላዩ የኤችአይቪን አንድ ክፍል 60 ጊዜ ደርድረው በሰው ላይ በሞከሩት የመጀመሪያ ጥናት፣ ውጤቱ በ2022 ሲወጣ፣ ክትባቱን ከወሰዱ 36 ሰዎች 35ቱ ይጠበቅ የነበረውን የቢ ሴል፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩ የመከላከያ ሴሎች፣ ምላሽ አሳይተዋል። የቫይታሚን መሥሪያ ኢንዛይም የክትባት መደርደሪያ ሲሆን ማየት ይህን ትምህርት ለምን እንደምወደው ይነግራችኋል።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ሉማዚን ማጋጠም

የመጣንበት ቦታ ይህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ከደረጃ 1 እስከ 4 ያለውን በቀሩት ጥራጥሬዎች ድገሙና ሁለተኛ ሉማዚን ሥሩ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ክምሮች አሉ፤ እያንዳንዱ 9 ባቄላ፣ 4 ሽምብራ፣ 4 ምስር። ጠርዙ ላይ ደግሞ የወደቁት አሉ።

አንዱን ተቀባይ፣ ሌላውን ሰጪ በሉ። ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱን የሚለይ ምንም ነገር የለም። የሚለያቸው ኢንዛይሙ ላይ የተቀመጡበት ቦታ ብቻ ነው። የባክቴሪያው ሪቦፍላቪን ሲንቴዝ እያንዳንዱ ቁራጭ ተመሳሳይ ሁለት ግማሽ አለው፤ እያንዳንዱ ግማሽ አንድ ሉማዚን ይይዛል፤ ሁለቱ ሉማዚኖችም በሁለት ጎረቤት ቁራጮች መገናኛ ላይ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

አሁን ከሰጪው አራቱንም ሽምብራ አንሱና ለተቀባዩ ስጡት። ብቻ እንዴት እንደሚቀመጡ ልብ በሉ። የተቀባዩ ሁለት ሜቲሎች ከቀለበት ውጭ የነበሩ ናቸው፤ እነሱ ከሰጪው የቀለበት ካርቦኖች ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ የተቀባዩ ሜቲሎች የአዲስ ቀለበት አካል ይሆናሉ፣ የሰጪው ሜቲሎች ግን ሜቲል እንደሆኑ ይቀራሉ። አዲሱ ቀለበት ስድስት ሽምብራ አለው፣ ሁለት ሽምብራ ደግሞ ሜቲል ሆነው ተንጠልጥለዋል። ሪቦፍላቪንን ስታዩ በአንድ ዳር ያለው ባለሁለት ሜቲል የቤንዚን (benzene) ቀለበት፣ ስምንቱም ካርቦን፣ ከሁለት ስኳር የመጣ ነው። አንድም ባቄላ የለበትም። ይህን መጀመሪያ በጥራጥሬ ሳየው ደጋግሜ ነበር የቆጠርኩት።

ተቀባዩ ጋ 9 ባቄላ፣ 8 ሽምብራ፣ 4 ምስር አለ። ካርቦኑ 17። ሪቦፍላቪን ካ17 ሃ20 ናይ4 ኦ6 ነው፣ ክብደቱ 376። ሰጪው ጋ 9 ባቄላና 4 ምስር ቀርቷል። ይህ ምን ነበር? ወደ ደረጃ 2 መጨረሻ ተመለሱ፤ አሚኖዩራሲል ራሱ ነው፣ ካ9 ሃ16 ናይ4 ኦ6። ቀስቱ ወደ ኋላ የሚዞረው ለዚህ ነው።

የተዘዋወረው ቁራጭ ካ4 ሃ2 ነው፣ ክብደቱ 50። ሉማዚን 326 ነው፤ 50 ሲጨመርበት 376፣ 50 ሲቀነስበት 276። እኔ አሁን መንገዱን በቃሌ የምይዘው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ነው። 276፣ 326፣ 376 ብላችሁ ወረቀቱ ግርጌ ጻፏቸው።

ይህ ሁሉ ውስብስብ ሆኖ ሳለ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በ1960ዎቹ ኬሚስቶች ሉማዚንን አየር በሌለበት፣ ገለልተኛ በሆነ መፍትሔ ውስጥ ሲያፈሉት ያለምንም ኢንዛይም ሪቦፍላቪን ሰጥቷቸዋል። ችሎታው በሞለኪውሉ ውስጥ አለ። ምስጢሩ በ7ኛው ቦታ ያለው ሜቲል ነው፤ ሃይድሮጅኑን ከተለመደው ሜቲል እጅግ በቀለለ ሁኔታ ይለቃል፣ መፍትሔው ትንሽ ወደ ቤዝ ሲያዘነብል ይለቃልና። ሃይድሮጅን የለቀቀው ካርቦን ሌላኛውን ሉማዚን ለመያዝ ዝግጁ ይሆናል። ኢንዛይሙ የሚሠራው ሁለቱን በትክክለኛው አቅጣጫ አስቀምጦ ማፋጠን ነው።

በመካከላቸው ደግሞ ሁለቱ ሉማዚን ተጣብቀው አንድ ባለአምስት ቀለበት አካል የሚሆኑበት ቅጽበት አለ። አርኬያ የሚባሉት ፍጥረታት ይህንኑ ሥራ በዘር ፈጽሞ በማይዛመድ ሌላ ኢንዛይም ይሠራሉ፤ የእነሱ ባለአምስት ቀለበት አካልም በቦታ አቀማመጡ ከባክቴሪያው ይለያል። የሚደርሱበት ቫይታሚን ግን አንድ ነው።

ደረጃ 6፦ ዙሩን እስከ መጨረሻው ማስኬድ

እዚህ ላይ ጥራጥሬው አይበቃም፣ በወረቀት ሥሩት። 16 አሚኖዩራሲል አለን እንበል፤ ቡታኖኑ እንደልብ ነው።

16 አሚኖዩራሲል ከ16 ቡታኖን ጋር 16 ሉማዚን ይሆናል። 16ቱ ጥንድ ጥንድ ሲሆኑ 8 ሪቦፍላቪንና 8 አሚኖዩራሲል ይወጣሉ። 8ቱ እንደገና 8 ቡታኖን ወስደው 4 ሪቦፍላቪን ይሰጡና 4 ይመለሳሉ። ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 1። በመጨረሻ 15 ሪቦፍላቪን ተሠርቶ አንድ አሚኖዩራሲል ይተርፋል፤ ያለቀው ቡታኖን 16፣ 8፣ 4 እና 2 ሲደመር 30 ነው። የተመለሰው እንደገና እየተሰለፈ ስለሚሄድ የጠፋ ባቄላ የለም።

ስለዚህ ለአንድ ሪቦፍላቪን የሚያስፈልገው አንድ ጂቲፒና ሁለት ሪቡሎዝ-5-ፎስፌት ነው። ደረጃ 5 ላይ ሁለት ጂቲፒ መጠቀማችን ሊያሳስታችሁ አይገባም፤ ከሁለቱ አንዱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ በአሚኖዩራሲል መልክ ተቀምጧል። የፈተና ጥያቄ ሆኖ ሲመጣ ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። በካርቦን አረጋግጡት፦ ከጂቲፒ 9፣ ከሁለቱ ስኳር 4 እና 4፣ ድምሩ 17። ጠርዝ ላይ የወደቁት ፎርሚክ አሲዶች ለአንድ ሪቦፍላቪን ሦስት ናቸው፤ አንድ ከጂቲፒ፣ ሁለት ከስኳሮቹ።

ደረጃ 7፦ በላቦራቶሪ ሉማዚንን ከሪቦፍላቪን መለየት

ላቦራቶሪ ያላችሁ ይህን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ያበራሉ፤ በዓይን ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ሉማዚን በብዛት የሚመጥጠው 410 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ሲሆን የሚመልሰው 490 አካባቢ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ። ሪቦፍላቪን የሚመጥጠው 445 አካባቢ፣ የሚመልሰው 525 አካባቢ ነው፣ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ። ማሱዳ የተባለው የጃፓን ተመራማሪ በ1950ዎቹ ኤሬሞቴሲየም አሽቢ ከሚባል ሪቦፍላቪን አምራች ፈንገስ ይህን ውሁድ ሲያገኝ በብርሃኑ አረንጓዴነት ነበር የለየው።

የኢንዛይሙን ፍጥነት ለመለካት ስፔክትሮፎቶሜትሩን 470 ናኖሜትር ላይ አድርጉት። እዚያ ላይ ሪቦፍላቪን ይመጥጣል፣ ሉማዚን ግን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መስመሩ ሲወጣ የምታዩት የተሠራውን ቫይታሚን ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር ካላችሁ ደግሞ በፖዚቲቭ መንገድ 277፣ 327 እና 377 ላይ ፈልጉ፤ እነዚያው ሦስት ቁጥሮች አንድ ፕሮቶን ተጨምሮባቸው ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ሪቦፍላቪንን ከብርሃን ሰውሩት፤ ቱቦውን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሉ፣ ካልሆነ ወደ ሉሚክሮምና ሉሚፍላቪን ይበላሻል። አሚኖዩራሲል ደግሞ አየር ሲነካው ቶሎ ስለሚበላሽ አዘጋጅቶ ማሳደር አይሆንም፤ በሚለካበት ሰዓት ይዘጋጅ።

የጂኖቹ ስም ላይ

እዚህ ላይ ብዙ ሰዓት ያባከንኩበት ነገር አለ። ሪብ-ኢ የሚባለው ጂን በባሲለስ ሰብቲሊስ የሪቦፍላቪን ሲንቴዝ ነው፤ ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ግን የሉማዚን ሲንቴዝ ስም ሆኖ ይገኛል። ሪብ-ሲ በኢ. ኮላይ ሪቦፍላቪን ሲንቴዝ ነው፤ በባሲለስ ደግሞ የተጠናቀቀውን ሪቦፍላቪን ፎስፌት የሚያስይዘው ኢንዛይም ነው። እርሾው የራሱ ቁጥር አለው፤ ሪብ-4 ሉማዚን ሲንቴዝ፣ ሪብ-5 ሪቦፍላቪን ሲንቴዝ። ማስታወሻ ስትይዙ የጂኑን ስም ብቻ አትጻፉ። የሚሠራውን ሥራና የፍጡሩን ስም አብራችሁ ጻፉ።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅመናል?

የእኛ ሰውነት ከእነዚህ እርከኖች አንዱንም አይሠራም። በቀን 1.3 ሚሊግራም ገደማ ለወንድ፣ 1.1 ለሴት፣ ከምግብ መግባት አለበት። ዕፅዋት፣ እርሾና ብዙ ባክቴሪያዎች ግን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ከእነሱ አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ነው። ሰው ውስጥ የሌለ፣ ባክቴሪያው ግን የሚፈልገው መንገድ መድኃኒት ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ኢላማ ነው። ሳንባ ነቀርሳ በብዛት ካለባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው ኢትዮጵያ ላለ የፋርማሲ ወይም የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ይህ ሩቅ ርዕስ አይደለም።

ሰውነታችንም ይህንን መንገድ በራሱ ዘዴ ያውቀዋል። ያ ወደ ኋላ የሚመለሰው አሚኖዩራሲል ከባክቴሪያው ሾልኮ ሜቲልግላዮክሳል ከሚባል ትንሽ ውሁድ ጋር ሲገናኝ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚቆይ አዲስ ውሁድ ይሠራል። ኤምአር1 የሚባል የሴሎቻችን ፕሮቲን ይህን ይዞ ወደ ውጭ ያሳያል፤ ሜይት የሚባሉ፣ በሽታ የሚከላከሉ ቲ ሴሎችም ያዩትና ይነሳሉ። ይህ ግልጽ የሆነው በ2012 እና በ2014 በወጡ ሥራዎች ነው። ሉማዚናችን ራሱም ኤምአር1 ላይ ይቀመጣል፤ ሜይት ሴሎችን ግን የሚቀሰቅሰው በጣም በደካማው ነው። ሪቦፍላቪን የሚሠራ ነገር ሰውነት ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ ገብቷል ማለት ነውና እነዚህ ሴሎች የሚጠብቁት ቫይታሚኑን ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚፈሰውን ነው።

ራስን መፈተኛ

ጥራጥሬውን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሩ። አሁን ግን በሁለቱም ስኳር ላይ 1ኛውን ሽምብራ በእስክሪብቶ ቀለም ቀቡት። እስከ ደረጃ 5 ሂዱና ጥያቄውን መልሱ፦ ሪቦፍላቪኑ ውስጥ ስንት የተቀባ ሽምብራ አለ? የት የት ነው የተቀመጡት?

ሁለት ናቸው። ሁለቱም በሉማዚን ላይ የ6ኛው ቦታ ሜቲል ነበሩ፤ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ማንም አይለያቸውም ነበር። አሁን ግን ከተቀባዩ የመጣው የቤንዚኑ ቀለበት አካል ሆኖ ተዘግቷል፣ ከሰጪው የመጣው ሜቲል እንደሆነ ከውጭ ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ቀለበት ውስጥ ከገቡባችሁ ወይም ሁለቱም ውጭ ከቀሩባችሁ ደረጃ 5 ላይ ሽምብራዎቹን ያስገባችሁበትን አቅጣጫ እንደገና ተመልከቱ።